አሉሚኒየም ወይስ ስቴንለስ?
የፖንቱን ጀልባ ባለቤቶች የማያልቅ ክርክር

ነገሩን ከኳስ እንጀምረው። በ1954 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በስዊዘርላንዷ በርን በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የእነ ፑሽካሽ ሃንጋሪ ጨዋታው በተጀመረ በ8 ደቂቃ ውስጥ 2ለ0 መርታ ነበር። በምድብ ጨዋታ ምዕራብ ጀርመንን 8ለ3 የረመረመ ቡድን ስለነበር ብዙ ሰው ዋንጫው አለቀለት ብሎ ነበር። ዝናቡ ግን አላባራም፤ ሜዳው ጨቀየ። ጀርመኖቹ አዲ ዳስለር የሠራላቸውን ጥርሱ እየተፈታ የሚቀየር ታኬታ አጥልቀው ነበርና ለጭቃው የሚሆነውን ጥርስ አስገጥመው ገቡ። ውጤቱ 3ለ2 ለምዕራብ ጀርመን! ለድሉ ሌላም ብዙ ምክንያት ይቆጠራል፤ የታኬታው ነገር ግን እስከ ዛሬ ይወራል።

ውሃ ላይም ታኬታ አለ። ስሙ ፕሮፔለር ይባላል። ሞተሩ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው ውሃውን ቆንጥጦ ጀልባውን የሚገፋው ይኸው ከኋላ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ቅጠል ብረት ነው። በአሜሪካ ሐይቆች ደግሞ በየዓመቱ በጋ ሲመጣ አንድ ክርክር ይነሳል። ለፖንቱን ጀልባ የሚሻለው አሉሚኒየም ነው ስቴንለስ ስቲል?

ፖንቱን ምንድን ነው?

ፖንቱን ማለት በሁለት ረጃጅም ቱቦዎች ላይ የተነጠፈ ጠፍጣፋ መድረክ ነው። አጀማመሩን ብዙዎች ከሚኒሶታ ግዛት ጋር ያያይዙታል። በ1952 አምብሮስ ዊርስ የተባለ ገበሬ በርሜሎችን ጫፍ ለጫፍ በይዶ በሁለት ረድፍ ካደረገ በኋላ ከላይ የእንጨት መድረክ አነጠፈበት። ሚኒሶታ የውሃ ስኪ የተወለደባትም ግዛት ናት። በ1922 የ18 ዓመቱ ራልፍ ሳሙኤልሰን በፔፒን ሐይቅ ላይ ከጀልባ ኋላ በገመድ እየተጎተተ ሁለት ጣውላ ላይ ቆሞ ሄደ።

ዛሬ ሁለቱ ታሪኮች አንድ ላይ ገጥመዋል። ድሮ ቤተሰብ ጭኖ ቀስ እያለ የሚንሸራሸረው ፖንቱን አሁን ሦስት ቱቦና 150 የፈረስ ጉልበት፣ ከዚያም በላይ ያለው ሞተር ይዞ ስኪ የሚጎትት ሆኗል። የፕሮፔለሩ ክርክር የጦፈውም ለዚህ ነው።

የሁለቱ ተፋላሚዎች አቋም

አሉሚኒየም በዋጋ ይመራል። በአሜሪካ ገበያ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። ቀላል ነው፤ ክብደቱ መጠኑ እኩል ከሆነ ብረት ሲሶ ያህል ነው። ድክመቱ ልስላሴው ነው። እንዳይሰበር ሲባል ቅጠሉ ወፈር ተደርጎ ይሠራል፤ እንዲያም ሆኖ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ ትንሽ ይታጠፋል። የታጠፈ ቅጠል ደግሞ ውሃውን እንደሚገባው አይገፋም። ተጎድቶ በተጠገነ ቁጥርም ጥንካሬው እየቀነሰ ይሄዳል።

ስቴንለሱ በተቃራኒው ነው። ዋጋው ከ350 ዶላር ገደማ ተነስቶ ከ600 በላይ ይዘልቃል። ጠንካራ ስለሆነ ቅጠሉን ማቅጠን ይቻላል፤ ቀጭን ቅጠል ውሃውን በቀላሉ ይሰነጥቃል፣ አይታጠፍም። ብዙዎቹ ጠርዛቸው ላይ ትንሽ ቆልመም ስለሚሉ ውሃውን አጥብቀው ይይዛሉ። አሸዋና ትንሽ ጠጠር ቢነካው ግድ የለውም፤ ቢጎዳም ባለሙያ ጋር ሄዶ ደጋግሞ ይጠገናል።

እንግዲህ በወረቀት ላይ ስቴንለስ አሸናፊ ነው። ግን ጨዋታ በወረቀት ላይ አይደለም!

ሜዳው ማን ነው?

በ60 ወይም በ90 የፈረስ ጉልበት ሞተር፣ በሁለት ቱቦ፣ ዘመድ አዝማድ ጭኖ ለሚንሸራሸር ሰው ስቴንለስ የሚጨምርለት ፍጥነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለዚያች ልዩነት ሦስት እጥፍ መክፈል አንድ ለእናቱ የሆነ አጥቂ ገዝቶ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንደማስቀመጥ ነው።

ነገሩ የሚለወጠው ጉልበቱ ሲጨምር ነው። ባለ ሦስት ቱቦው ጀልባ በፍጥነት ሲታጠፍ ወይም ማዕበል ሲመታው ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ይስባል። ያኔ ሞተሩ በባዶ ይጮሃል፣ ጀልባው ግን አይሄድም፤ ጭቃ ላይ እንደሚንሸራተት ተጫዋች መሆኑ ነው። ከኋላ በገመድ የተያዘው ስኪ ተጫዋችም ገመዱ ረግቦ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። እንዲህ ዓይነቱ ቦታ ላይ ጠርዙ የተቆለመመ ስቴንለስ፣ በተለይ ባለ አራት ቅጠሉ፣ ውሃውን ሳይለቅ ይዞ ይወጣል። ባለ አራት ቅጠሉ ከከፍተኛው ፍጥነት ትንሽ ቢቀንስም አነሳሱ ጥሩ ነው፤ ንዝረቱም ያንሳል። ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሞተሩ የታሰረበት ከፍታ ይታይ። ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ የታሰረ ሞተር በስቴንለስም አይድንም።

ድንጋይ ሲመጣስ?

ክርክሩ የሚጋጋለው እዚህ ላይ ነው። የአሉሚኒየም ደጋፊዎች «የኛ ድንጋይ ሲመታ ራሱ ተሰብሮ ሞተሩን ያተርፋል፤ የናንተ ግን ሞተሩን ይዞ ይጠፋል» ይላሉ። ግማሽ እውነት አለው። በሁለቱም ዓይነት መሃል ላይ ጎማ ወይም ፕላስቲክ መያዣ አለ። ከባድ ምት ሲመጣ መያዣው ተንሸራቶ ወይም ተሰብሮ ሻፍቱንና ማርሹን እንዲያድን ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ ስቴንለስ ድንጋይ ነካ ማለት ካምቢዮው አለቀ ማለት አይደለም። ሆኖም ቅጠሉ ስለማይሰበር ከአሉሚኒየሙ የበለጠ ምት ወደ ሻፍቱ ያሳልፋል፤ በሙሉ ፍጥነት ላይ ከሆነ ሻፍት ሊያጣምም ይችላል። ጥልቀቱ ትንሽ፣ ድንጋዩና ግንዱ ብዙ በሆነ ሐይቅ ላይ አሉሚኒየም የሚመረጠው ለዚህ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሰበርም እንኳ ሒሳቡ ከአንድ ሻፍት ጥገና አይበልጥም።

የቁጥሩ ጉዳይ

ብዙ ሰው በብረቱ ዓይነት ሲከራከር ዋናውን ይረሳል። ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥር አለ። አንደኛው ስፋቱ ነው። ሁለተኛው «ፒች» የሚባለው ሲሆን ቡሎን ወደ እንጨት እንደሚገባ ሁሉ ፕሮፔለሩ አንድ ዙር ሲዞር በሐሳብ ደረጃ ወደፊት የሚሄደውን ርቀት ያሳያል። 13 ፒች ማለት 13 ኢንች፣ 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ፒቹ ሲበዛ ሞተሩ ይከብደዋል፣ ሲያንስ ይቀለዋል። በተለምዶ አንድ ኢንች ሲቀነስ ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል።

ለምሳሌ የሞተሩ ፋብሪካ «በሙሉ ነዳጅ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር መድረስ አለበት» ብሎ ጽፎ፣ ጀልባው ሰው ሞልቶ 4,800 ላይ ከቀረ ሞተሩ ታፍኗል ማለት ነው። ፒቹን በሁለት ኢንች ዝቅ ማድረግ 5,100 እና 5,200 አካባቢ ያደርሰዋል። ይህ ሳይስተካከል ስቴንለስ መግዛት ቁጥሩ የማይሆነውን ውድ ታኬታ ማጥለቅ ነው። እንዲያውም ስቴንለስ ስለማይታጠፍና ውሃ ስለሚይዝ በዚያው ፒች ሞተሩን ይበልጥ ሊያከብደው ስለሚችል አንድ ኢንች የሚቀንሱም አሉ።

ጣናም ላይ ይታያል

ጉዳዩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ጣና ላይ ጎብኝዎችን ወደ ገዳማቱ የሚያመላልሱት ጀልባዎች የሚገፉት በፕሮፔለር ነው። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው። ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን ያስቸገረው እምቦጭም አለ። እምቦጭ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም አሉሚኒየም ነው ስቴንለስ ብሎ አይጠይቅም። ሞተር ማጥፋት፣ ማንሳት፣ በቢላ መቁረጥ ብቻ ነው። የዓሣ መረብ ክርም እንደዚያው፤ ሻፍቱ ላይ ከቆየ የዘይት መከላከያውን ጎማ ይበላና ውሃ ወደ ማርሹ ያስገባል።

ቀልድ የሌለበት ክፍል

ከፍጥነትም ከገንዘብም የሚበልጥ ነገር አለ። በደቂቃ 3,200 ዙር የሚዞር ባለ ሦስት ቅጠል ፕሮፔለር በአንድ ሰከንድ ብቻ 160 ጊዜ ይመታል። ፖንቱን ላይ ደግሞ አደጋው ከፊት ይመጣል። ሰዎች፣ በተለይ ልጆች፣ ከአጥሩ ውጪ ጫፉ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ውሃ ያስነካሉ። ጀልባው ድንገት ሲቀንስ ወደፊት ይወድቁና ጀልባው በላያቸው ያልፋል፤ ከኋላ የሚጠብቃቸው ፕሮፔለሩ ነው። አሉሚኒየም ለስላሳ የሚባለው ለድንጋይ እንጂ ለሰው ሥጋ አይደለም።

አሜሪካ ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ ርዝመታቸው ከ26 ጫማ በታች በሆኑ የመዝናኛ ጀልባዎች ላይ ነጂው በፍጥነት ሲነዳ የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ከራሱ ጋር እንዲያያይዝ በሕግ ያስገደደችው በከንቱ አይደለም። ነጂው ከወደቀ ገመዱ ይነቀላል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ዋናተኛ ወይም ስኪ ተጫዋች ወደ መሰላሉ ሲቀርብም ማርሹን ባዶ ማድረግ አይበቃም፤ ሞተሩ ጨርሶ ይጥፋ።

ፊሽካው ሲነፋ

ውጤቱ ታዲያ ስንት ለስንት ነው? ሞተሩ ትንሽ፣ ውሃው ድንጋያማ፣ ጉዞው ሽርሽር ከሆነ አሉሚኒየም። ሞተሩ ከ150 የፈረስ ጉልበት በላይ፣ ቱቦው ሦስት፣ ውሃው ጥልቅ፣ ከኋላም ስኪ ተጫዋች ካለ ስቴንለስ። አዋቂዎቹ ግን ሁለቱንም ይይዛሉ። ስቴንለሱን ቋሚ ተሰላፊ አድርገው ርካሹን አሉሚኒየም ከመፍቻውና ከትርፍ ዳዶው ጋር መቀመጫ ሥር ያስቀምጡታል። ሐይቅ መሃል ፕሮፔለር የተሰበረበት ሰው የሚያስፈልገው ክርክር አይደለም፤ ተቀያሪ ተጫዋች ነው።