የእሑዱ ስብከት ወደ ቤት ሲገባ
ዮሐንስ አፈወርቅና የክርስቲያን ትዳር

እሑድ በጉባኤ የሰማነው ቃል ሰኞ ማታ በቤታችን ይገኛልን? ባልና ሚስት አብረው «አሜን» ያሉበት መልእክት ራት ሲቀርብ ይነሣልን? ወይስ መጽሐፍ ቅዱሳችንን መደርደሪያ ላይ ስናስቀምጥ ቃሉም አብሮ ይቀመጣል? ከ1600 ዓመታት በፊት በዚህ ጉዳይ ምእመናኑን አጥብቆ ይወቅስና ይመክር የነበረ አንድ አገልጋይ ነበር። ስሙ ዮሐንስ ነው። ከሞተ በኋላ ስለ ስብከቱ ጣዕም «አፈወርቅ» ተባለ።

በአገራችን ስሙ በይበልጥ የሚታወቀው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን በስሙ የሚጠራ ቅዳሴም አለ። ይሁን እንጂ እኛ ወንጌላውያንም ለእርሱ እንግዶች አይደለንም። የተሐድሶው መሪ ጆን ካልቪን የዮሐንስን ስብከቶች በፈረንሳይኛ ለማውጣት አስቦ መቅድም እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር። ዕብራውያን 13፥7 ቃሉን ያስተማሩንን እንድናስብ ይመክረናል፤ እስቲ እኛም ይህን ሰው እናስበው።

የመበለቷ ልጅ

ዮሐንስ በ349 ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንጾኪያ ተወለደ። ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉባት ከተማ ናት። በሠራዊቱ ውስጥ ባለ ሥልጣን የነበረው አባቱ ሴኩንዱስ ልጁ ገና ጨቅላ ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ ያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። ዳግመኛ አላገባችም፤ የባሏን ንብረት ጠብቃ ልጇን በጥሩ ትምህርት አሳደገች። ዮሐንስ እንደጻፈው፣ አረማዊ መምህሩ የእናቱን ታሪክ ሲሰማ በክርስቲያን ሴቶች ጽናት ተደንቋል።

ወጣቱ ዮሐንስ ቤቱን ትቶ ሊመንን ባሰበ ጊዜ አንቱሳ እጁን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችው። በወለደችበት አልጋ ላይ አጠገቧ አስቀምጣም ዳግመኛ መበለት እንዳያደርጋት እያለቀሰች ለመነችው። ኋላ ወደ ተራራ ወጥቶ ዓመታት በጾምና በጸሎት ቆየ፤ ጤናው ስለ ተጎዳ ግን ወደ ከተማ ተመለሰ። በ386 ቅስና ተቀብሎ በአንጾኪያ መስበክ ጀመረ።

ያላገባው የትዳር መካሪ

ዮሐንስ ትዳር አልያዘም። ቀደም ሲል በጻፋቸው መጻሕፍት ድንግልናን እጅግ ከፍ አድርጎ ለትዳር ትንሽ ስፍራ ነበር የሰጠው። ከቤተሰቦች መካከል ሆኖ ባገለገለባቸው ዓመታት የሰበካቸው ስብከቶች ግን ስለ ትዳር እጅግ የጠለቀ ትምህርት አላቸው።

ኤፌሶን 5ን ሲሰብክ ለባሎች የሰጠው ምክር ዛሬም ያስደንቃል። ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን የራሱ ያደረጋት በዛቻ ሳይሆን ራሱን በመስጠት ነው። ስለዚህ ባል ሚስቱን በማስፈራራት ሊገዛት አይገባም፤ በፍርሃት የታሰረች ሴት የሕይወት ጓደኛ መሆኗ ይቀራልና። ፍቅሯ ከንብረት ሁሉ እንደሚበልጥበት በአንደበቱ ይንገራት። በቤታቸው «የእኔ፣ የአንቺ» የሚባል ገንዘብ አይኑር። አብረው ይጸልዩ። ከጉባኤ ሲመለሱም የተነበበውንና የተሰበከውን እርስ በርስ ይጠያየቁ። እንዲህ ያለው ቤት ለዮሐንስ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ስለ ልጆች አስተዳደግም ጽፏል። ወላጆች ማታ በማዕድ ዙሪያ የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ለልጃቸው ይንገሩት። አባት ይጀምር፣ እናትም ትድገመው፤ በሌላ ቀን ደግሞ ልጁ ራሱ እንዲተርክ ይጠይቁት። ያ ክፍል በጉባኤ በሚነበብበት ቀን እጁን ይዘው ይውሰዱት። ልጁ የሚያውቀውን ታሪክ ሲሰማ በደስታ ይዘልላል!

ስለ አንደበቱ የተከፈለ ዋጋ

በ398 የቁስጥንጥንያ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። የጳጳሱን ቤት ወጪ ቀንሶ ለበሽተኞች መርጃ አዋለው፤ ድሆችን የረሱትን ባለጠጎችም ገሠጸ። በዚህ ምክንያት ከንግሥት አውዶክስያና ከሌሎች ጳጳሳት ጋር ተጋጨ። በ403 ከሹመቱ ተሻረ፤ ወዲያው ቢመለስም በ404 እስከ መጨረሻው ተሰደደ። በስደት ሳለ ለዲያቆናዊቷ ለኦሎምፒያስና ለሌሎች ወዳጆቹ ብዙ የማጽናኛ ደብዳቤዎች ጻፈ። ወደ ባሰ ሩቅ ስፍራ በግድ ሲወሰድ በጳንጦስ ምድር መስከረም 14 ቀን 407 ሞተ። ወዳጁ ጳላድዮስ እንደጻፈው፣ የሞተው ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔርን እያመሰገነ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ከዚህ አፍ የወጣው ሁሉ ወርቅ አልነበረም። በ386 እና 387 ወደ ምኩራብ ይሄዱ የነበሩ ክርስቲያኖችን ሲገሥጽ በአይሁድ ላይ እጅግ መራራ ቃል ተናገረ። በኋላ ዘመን አይሁድን የሚጠሉ ሰዎች እነዚያን ስብከቶች መሣሪያ አደረጓቸው። ያዕቆብ በምዕራፍ 3 ምላስን ከእሳት ጋር ያመሳሰለው በከንቱ አይደለም። የሚባርክ አንደበት ሲያቆስል ቁስሉ ተናጋሪው ካለፈም በኋላ ይቆያል። ይህ በመድረክም በመኝታ ቤትም እውነት ነው።

እኛስ?

ከባለቤቴ ጋር ባለትዳሮችን ስናነጋግር ደጋግመን የምናየው ነገር አለ። በጉባኤ ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚጸልዩ ባልና ሚስት ቤታቸው ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው መጸለይ ያፍራሉ። የአገልጋዮች ቤትም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ለመንጋው የተዘጋጀው ማዕድ አንዳንዴ ለራስ ቤተሰብ ሳይደርስ ያልቃል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት እንጀምር። እሑድ ከጉባኤ ስትመለሱ «ዛሬ ለአንቺ የቀረልሽ ምንድን ነው?»፣ «አንተንስ ምን ነካህ?» ተባባሉ። ቴሌቪዥኑን ለሩብ ሰዓት አጥፍታችሁ ለልጆቻችሁ አንድ ታሪክ ንገሯቸው። ከመተኛታችሁም በፊት፣ አጭርም ቢሆን፣ አብራችሁ ጸልዩ።

ዮሐንስን ከመድረኩ አሳደዱት። ቃሉ ግን በባልና ሚስት ጨዋታ፣ በልጆችም ትረካ ውስጥ ከገባ ማንም ሊያሳድደው አይችልም። ጌታ ቤታችሁን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያድርግላችሁ!