«ሙቀት ነው፣ ከጎማው አየር ቀንስ» የሚለው ምክር ለማን ነው?

የሙቀቱ ወራት ሲገባ ዱባይ፣ ሻርጃና አጅማን ውስጥ ሞተር የሚነዱ ልጆች መካከል አንድ ምክር ይዞራል፦ «ሙቀት ነው፣ ጎማው እንዳይፈነዳ አየሩን ቀነስ አድርገው።» ወንድምሽ ወይም ባለቤትሽ ዴሊቨሪ ላይ ከሆነ እሱም ሰምቶት ይሆናል። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ክፋት የላቸውም። ግን መንገድ ላይ ጎማን አግሎ የሚያፈነዳው በአብዛኛው የአየር ማነስ እንጂ የአየር መብዛት አይደለም። እና ይሄ ነገር ከየት መጣ?

አንዱ ምንጭ የእሽቅድምድም ሜዳ ነው። ዱባይ ሞተር ሲቲ ውስጥ በ2004 የተከፈተው ዱባይ አውቶድሮም አለ፤ የትልቁ ዙር ርዝመት 5.39 ኪሎ ሜትር ነው። «ትራክ ዴይ» በሚባለው ቀን ሰዎች ከፍለው የራሳቸውን ሞተር እዚያ ይነዳሉ። እነዚህ ሰዎች ሜዳው ከመግባታቸው በፊት በእርግጥም አየር ይቀንሳሉ። ለመንገድ ከፊት 36፣ ከኋላ 42 ፒኤስአይ የሚሞላ ትልቅ ሞተር ለሜዳው ወደ 30 አካባቢ ሊወርድ ይችላል፤ ልኩ እንደ ጎማው ዓይነት ይለያያል።

ምክንያቱ የአየር ንብረቱ አይደለም። ሜዳ ላይ ሞተሩ እስከ መሬት ተጋድሞ ይታጠፋል፣ ፍሬን በኃይል ይያዛል፤ ጎማው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በጣም ይግላል፤ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይጨምራል። ስለዚህ ዝቅ አድርገው የሚጀምሩት ከጋለ በኋላ የሚፈልጉት ልክ ላይ እንዲደርስላቸው ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ነድተው ሲወጡ ጎማው ሳይቀዘቅዝ ወዲያው ይለካሉ፣ እንደገና ያስተካክላሉ። ማታ ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ደግሞ መልሰው ይሞሉታል። ወሬው ሲዞር የሚቀረው ይሄ የመጨረሻው ነገር ነው።

ዴሊቨሪ የሚነዳው ልጅ ሥራው ሌላ ነው። ሼክ መሐመድ ቢን ዛይድ መንገድ ላይ ከኋላ ሳጥን ጭኖ ለረጅም ሰዓት ቀጥ ብሎ ይነዳል። አየር ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይተጣጠፋል። ሽቦ ወዲያ ወዲህ ስታጣጥፊው ሞቆ እንደሚበጠስ ማለት ነው። ከታች አስፋልቱ እሳት ነው፣ ከላይ ጭነት አለ፣ ጎማው ራሱን በራሱ ያግላል፤ በመጨረሻ ይቀደዳል። መኪና ከሆነ ሹፌሩ ሊቆጣጠረው ይችል ይሆናል፤ ሁለት ጎማ ብቻ ላለው ሰው ግን ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቁጥሩን እንየው። የአየሩ ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሲጨምር ጎማው ውስጥ 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ጠዋት 33 የነበረ ጎማ ከሰዓት በኋላ ከሥራ መልስ 37 ወይም 38 ቢያሳይ ችግር የለውም። ፋብሪካው ያንን ጭማሪ አስቦ ነው ልኩን የጻፈው። «በዛ» ብሎ 5 ቢያስተነፍሰው ግን በማግስቱ ጠዋት 28 ይዞ ይወጣል። የጋለ ጎማ አይተነፍስም፤ ለወንድምሽ አንድ ነገር ብቻ የምትነግሪው ከሆነ ይሄንን ንገሪው።

መለኪያው ሰዓት ጠዋት ነው፣ ከመንቀሳቀስ በፊት፤ ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመ ጎማ። ትክክለኛው ልክ ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት (ብዙ ጊዜ ሰንሰለቱ አካባቢ) ወይም በመመሪያ ደብተሩ ላይ አለ። ጭነት ወይም ሁለተኛ ሰው ሲኖር ለኋላ ጎማ ከፍ ያለ ቁጥር የሚጻፍበትም አለ፤ ሳጥን የጫነ ልጅ እሱን ነው ማየት ያለበት። ጎማው ጎን ላይ የተቀረጸው ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፣ መሙያ ልክ አይደለም። ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል።

ነዳጅ ማደያዎች ውስጥ ያለው ማሽን ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ታስገቢያለሽ፣ ቱቦውን ትሰኪያለሽ፣ ሲሞላ ይጮሃል። ማሽኑ በ«ባር» የሚያሳይ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። ባንሸር ቤት ደግሞ «ናይትሮጅን ካልሞላህ በሙቀት ይፈነዳል» የሚል አይጠፋም። ናይትሮጅን ጉዳት የለውም፤ ግን የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ገንዘቡን ለትንሽ የኪስ መለኪያ ቢያውለው ይሻለዋል።

አንቺ ራስሽ ሞተር ባትነጂም ከልጆቹ ጋር የቤተሰቡ መኪና ውስጥ ትቀመጫለሽ። የመኪናው ልክ በሹፌሩ በር ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ከመሪው ፊት እንደ ፈረስ ጫማ ያለ ቢጫ ምልክት፣ መሐሉ ላይ ቃለ አጋኖ ያለበት ሲበራ ካየሽ የጎማ አየር ወርዷል ማለት ነው። ዝም አትበይ፤ «ማዳም፣ ታየር ናቂስ ሀዋ» ብትያት ትረዳሻለች። በሹፌርነት የተቀጠራችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ያለቀ ጎማ ይዞ መንዳት 500 ድርሃም ቅጣት፣ 4 ጥቁር ነጥብና የመኪናውን ለ7 ቀን መታሰር እንደሚያስከትል አስታውሱ። ነጥቡ የሚመዘገበው በነጂው ላይ ስለሆነ ለአሠሪ አስቀድሞ መናገር ይበጃል።

በክረምቱ ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቡ ወደ ሻርጃ በረሃ፣ ወደ አል በዳየር ወይም ምሌሃ፣ ሲወጣ ሌላ ነገር አለ። አሸዋ ላይ ለመንዳት የጎማው አየር ሆን ተብሎ እስከ 15 አካባቢ ይወርዳል፤ ጎማው ሰፍቶ እንዳይሰምጥ ነው። ይሄ ትክክል ነው። አደጋው ማታ ልጆቹ ተኝተው፣ ሁሉም ደክሞት፣ ሳይሞላ አስፋልት ላይ ሲወጣ ነው። ዕቃ ስትጭኚ «ሀዋ?» ብለሽ መጠየቅ አያስነቅፍሽም።

ጎማ ቢፈነዳ ነጂው መሪውን አጥብቆ ይያዝ፣ ነዳጁን ይልቀቅ፣ ፍሬኑን ግን በድንገት አይርገጥ፤ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ዳር ይውጣ። እናንተ ቀበቷችሁን ሳትፈቱ ጠብቁ፤ መኪናው ሲቆም ከመንገዱ በተቃራኒ ባለው በር ወርዳችሁ ከብረት አጥሩ ኋላ ቁሙ። የፖሊስ ስልክ 999 ነው።

ያገለገለ ጎማ በርካሽ ለሚገዛ ሰው የመጨረሻው ነገር ይሄ ነው። ጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ጋር በሚገኘው ኮድ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ለዓመታት ፀሐይ የበላው ጎማ ውስጡ ይደርቃል፤ አምስት ዓመት ያለፈውን ሻጩ ምንም ቢምል አይግዛ።