ነጯ መስመር ከየት መጣች?

ጥር ሲገባ በየካ ሚካኤል ዙሪያ ያሉ ማተሚያ ቤቶች እንቅልፍ የላቸውም። የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ የሚመለሰው ጥር 12 ነውና፣ የሰፈሩ ወጣቶች መንገዱን የሚያስጌጡበትን ባነር ቀደም ብለው ያዛሉ። ወሩ የሠርግም ወር ስለሆነ የሙሽሮች ፎቶ በዚያው ሰሞን ተራ ይይዛል። በዚህ ጥድፊያ መሐል አታሚው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራት በባነሩ ወርድ ከዳር እስከ ዳር የምትዘረጋ ቀጭን ነጭ መስመር ናት። ሰማያዊ መደብ ላይ ካረፈች ሳትታይ ልታልፍ ትችላለች። የሙሽራዋ ጉንጭ ላይ ካረፈች ግን ሥራው ተመላሽ ነው። የፊት ቀለም በአብዛኛው ከማጀንታና ከቢጫ ነጠብጣብ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከሁለቱ የአንዱ ቀለም መውጫ ቀዳዳ ሲደፈን ዓይን ቶሎ ይይዘዋል።

መስመሯ ስትታይ ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ «ሄዱ ሞቷል» የሚል ነው። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የችኮላ ነው። ሄድ፣ ማለትም ቀለሙን የሚተፋው የማሽኑ ክፍል፣ ከዕቃዎቹ ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ መጠርጠር ያለበት ግን መጨረሻ ላይ ነው።

ሠራተኞች ፕሎተር ወይም ባነር ማሽን የሚሉት ይህ ማተሚያ ጥቅል ፍሌክስ (የባነር ፕላስቲክ) ወይም ስቲከር ከኋላ እየሳበ አትሞ ከፊት ያወጣል። ወርዱ ብዙ ጊዜ 1.6 ወይም 3.2 ሜትር ነው። ከላይ በሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ካሬጅ አለ፤ ሄዱ ከካሬጁ ሥር ተቀምጦ ከፍሌክሱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀለም ይተፋል። ዲኤክስ 5 የሚባለው የኤፕሰን ሄድ እያንዳንዳቸው 180 ቀዳዳ ያላቸው 8 ረድፎች፣ በድምሩ 1,440 ቀዳዳዎች አሉት። ኤክስፒ 600 በ6 ረድፍ 1,080 ሲኖሩት፣ አይ 3200 ደግሞ ስሙ እንደሚናገረው 3,200 አለው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ከፀጉር የቀጠነ ነው።

ከየቀዳዳው ጀርባ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የሚተጣጠፍ ስስ ቁስ ተለጥፏል። ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ፈረንሳዊ ወንድማማቾች አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1880 ነበር፤ በዓመቱ ተቃራኒው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ቅርጻቸው እንደሚለወጥም ተረጋገጠ። ሄዱ የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው ጠባይ ነው። ስሱ ቁስ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተጣጠፈ ቀለሙን ይገፋል። በካኖንና በኤችፒ የቢሮ ማተሚያዎች እንደተለመደው ቀለሙን አሙቆ በአረፋ አይተፋም፤ ስለዚህ ሙቀት አይጨርሰውም። እንዲህ ያለ ሄድ ሲበላሽ በአብዛኛው ምክንያቱ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ከቀለሙ፣ ከአየሩ ወይም ከሰው እጅ።

ቀለሙ ከታንኩ ተነስቶ በረጅም ቱቦ ካሬጁ ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ዳምፐር ወደምትባል ትንሽ ሳጥን ይገባል። ዳምፐር በውስጧ ማጣሪያ ስላላት ቆሻሻ ታስቀራለች፣ የቀለሙንም መናወጥ ታበርዳለች። ከዚያ በኋላ ነው ሄዱ። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ሄዱ በሐዲዱ ጫፍ ባለው ካፕ ላይ ያርፋል። ካፑ ጠርዙ ጎማ ነው፣ ውስጡ ስፖንጅ አለው፣ ከሥሩ ፓምፕ ተያይዟል። ጎማው ሄዱን አፍኖ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል፤ ክሊኒንግ ሲታዘዝም ፓምፑ በካፑ በኩል ቀለም ይስባል። ዋጋው ከሄዱ ጋር የማይነጻጸረው ይህ ካፕ፣ በእኔ ግምት፣ በሄድ ስም ከሚከሰሱት ጥፋቶች የብዙዎቹ ባለቤት ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ካሬጁን ወደ ጎን አውጥቶ ካፑን በሶሉሽን፣ ማለትም በማጽጃ ፈሳሽ፣ መሙላትና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ። ፈሳሹ ሳይታዘዝ ከጎደለ ካፑ ወይም ፓምፑ ያሳልፋል ማለት ነው። ፓምፑ ሲታዘዝ ካልጠጣው ደግሞ ቱቦው ተዘግቷል፣ ወይም ፓምፑ ደክሟል። በእንዲህ ዓይነት ካፕ ላይ አሥር ጊዜ ክሊኒንግ ማዘዝ ቀለም ከመጨረስ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ሌላው ማስረጃ የኖዝል ቴስት ነው። ማሽኑ እያንዳንዱን ቀዳዳ ተራ በተራ አጭር ሰረዝ ያስመረዋል። አንዴ አትሞ መፍረድ አይገባም፤ አከታትሎ አትሞ ወረቀቶቹን ማስተያየት ያስፈልጋል። የጎደሉት ሰረዞች ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ከሆኑ ቀለም ደርቆ ደፍኗል። ጉድለቱ ከቴስት ቴስት ቦታ እየቀየረ ከዞረ ግን ነገሩ መደፈን አይደለም፤ አየር ገብቷል። ቴስቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ኅትመቱ ከአንድ ሜትር በኋላ እየሳሳ ከሄደ ደግሞ ቀለም አይደርስም፤ የዳምፐሯ ማጣሪያ ሞልቷል፣ ቱቦ ተጣጥፏል፣ ወይም የታንኩ መተንፈሻ ሳይከፈት ቀርቷል። ይህ የመጨረሻው ሲያዩት ያስቃል፤ ባነሩን ሊወስድ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ግን አያስቅም። ቢጫው ውስጥ ጥቁር ገብቶ ሲቆሽሽ ካፑ በቀለም ተጥለቅልቆ ወደ ሄዱ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል። አንድ ሙሉ ቀለም በድንገት ድርግም ብሎ ሲጠፋ ደግሞ ፍላት ኬብሉንና ቦርዱን መጠርጠር ተገቢ ነው። ኬብሉ የሚነካው ማሽኑ ጠፍቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ እጅ ደርቆ ነው። ከዳምፐር የተንጠባጠበ ቀለም ኬብሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሄዱንም ሜይንቦርዱንም በአንድ ጊዜ ሊያቃጥል ይችላል።

እስከ አሁን የተነገረው ለየትኛውም አገር ማሽን ይሠራል። የካ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ሰፈሩ ያለው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ ጋራ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ብዙው ቀለም በመርከብ ተጭኖ በጅቡቲ በኩል ነው የሚመጣው። ቆላ ላይ የታሸገ ጠርሙስ እዚህ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር ሊሰፋ ስለሚሻ ጠርሙሱ ተነፍቶ ይታያል፤ ቶሎ ሲከፍቱት ይረጫል። ቀለሙ ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየርም፣ እንደተከፈተ ለስላሳ፣ አረፋ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። አዲስ ቀለም እንደ መጣ ማሽን ላይ ከመገልበጥ ክዳኑን በጥቂቱ አላልቶ፣ ከአቧራ ጠብቆ ማሳደር የሚበጀው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ፓምፑ ቀለም ሲስብ የሚያግዘው የአየር ግፊት ስለሆነ፣ ቆላ ላይ እንደነገሩ ይሠራ የነበረ ደካማ ፓምፕ እዚህ ሲመጣ ይብስበታል።

በጋውም የራሱን ይጨምራል። ከጥቅምት በኋላ አየሩ ይደርቃል፤ ስስና ደረቅ አየር ደግሞ በቀዳዳው አፍ ላይ ያለውን ቀለም ቶሎ ያደርቃል። ፍሌክሱ ከጥቅሉ ሲፈታ ኤሌክትሪክ ይቋጥርና አቧራ ይስባል፣ ነጠብጣቡንም ከመንገዱ ያስታል። ማሽኑን በደንብ ኧርዝ ማድረግና ወለሉን ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ብዙ ይረዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ቀለሙን ያወፍረዋል፤ ሂተሩ እስኪሞቅ ሳይታገሡ የሚጀመር ሥራ ነጭ መስመር ይዞ ይወጣል። ክረምት ላይ ደግሞ የስቲከሩ ወረቀት እርጥበት ጠጥቶ ጠርዙ ይነሳል፣ ሄዱንም ይፍቀዋል።

ከሁሉ የከፋው የመብራት ነገር ነው። ካሬጁ ባነሩ መሐል ሳለ መብራት ሲሄድ ሄዱ ከካፑ ርቆ፣ ገና ካልቀዘቀዘው ጠረጴዛ በላይ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ዩፒኤስ ያለው ሰው ሥራውን ባይጨርስ እንኳ ካሬጁን ወደ ቦታው ይመልሳል። የሌለው በእጁ ቀስ አድርጎ ይገፋዋል፤ ካፑ በሞተር ብቻ የሚነሳ ዓይነት ከሆነ ሶሉሽን የነከረ ክር የማይለቅ ጨርቅ ከሄዱ ሥር ያደርጋል። «አሁን ይመጣል» ብሎ መቀመጥ አያዋጣም።

የደረቀን ሄድ መመለስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ካፑን በሶሉሽን ሞልቶ ሄዱን በላዩ አሳርፎ ማሳደር ብዙ ጊዜ ይበቃል። በሲሪንጅ በኃይል መግፋት ግን የውስጡን ስስ ግድግዳ ይቀዳል፤ ከዚያ በኋላ ሄዱ በእውነት ሞቷል። ቲነርና አሴቶን የሄዱን ማጣበቂያ ይበላሉ። ውኃም እነዚህ ማሽኖች ለሚጠቀሙበት ለኢኮ ሶልቨንት ቀለም ባዕድ ነው፤ ሲገናኙ ቀለሙ ይረጋል። የሁለት ፋብሪካ ቀለም በአንድ ታንክ መደባለቅም እንደዚሁ ነው። ርካሹ ቀለም የሚወደደው እዚህ ላይ ነው፤ ጠርሙሱ ሲገዛ የተረፈው ብር በዳምፐርና በሄድ ይመለሳል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን ሠርግ የለም፤ ማሽኑም ሥራ ይፈታል። ባለቤቱ መብራት ለመቆጠብ ነቅሎ ይሄድና ለፋሲካ ማግስት ሲመለስ የሚጠብቀው የጎደለ ኖዝል ቴስት ነው። በእነዚያ ሳምንታት በየቀኑ ሁሉም ቀለም ያለበት ጠባብ ሰቅ ማተም የሚፈጀው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። ጨርሶ የሚዘጋ ከሆነ ቀለሙን ከቱቦው አውጥቶ በሶሉሽን መተካት፣ የካፑን ጎማ ጠርጎ ስፖንጁን ማርጠብ፣ ሄዱም በትክክል መቀመጡን በእጅ ባትሪ ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።