ከሰው አካል የሚሰበሰብ ኤሌክትሪክ፦ መጠኑ፣ ዋጋውና ተገቢ ቦታው

አንድ ጎልማሳ በቀን 2,000 ኪሎካሎሪ የሚሰጥ ምግብ ቢመገብ፣ ይህ ጉልበት ለ24 ሰዓት ሲከፋፈል በአማካይ 97 ዋት ይሆናል። የሰው አካል ቀንም ሌትም ሳያቋርጥ የአንድ ባለ 100 ዋት አምፖል ያህል ኃይል ይጠቀማል ማለት ነው፤ ከዚህም አብዛኛው በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። ይህ የሚባክን ኃይል ተሰብስቦ ወደ ኤሌክትሪክ ቢለወጥ ባትሪን ሊተካ ይችላል ወይ? ይህ አጭር ጽሑፍ ኃይሉ የሚሰበሰብባቸውን ዋና ዋና መንገዶች ያስረዳል፤ የተገኙትን ውጤቶችም ከሚፈለገው መጠን ጋር በማመዛዘን ዘዴው በእርግጥ የት እንደሚጠቅም ያመለክታል።

የአካል ሙቀት

ሁለት የተለያዩ ብረቶች በሁለቱም ጫፍ ተጋጥመው አንደኛው መጋጠሚያ ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቃዛ ሲሆን በመካከላቸው የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጠራል። ይህን ክስተት ቶማስ ዮሐን ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 ደርሶበታል። በዚህ መሠረት አንዱ ገጹ ቆዳን፣ ሌላው ገጹ አየርን የሚነካ ቀጭን መሣሪያ ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ ይችላል። ሴይኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 በክንድ ሙቀት የሚሠራ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቅርቦ ነበር።

ይሁን እንጂ የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ጠባብ ወሰን ያስቀምጣል። ቆዳው 33፣ አየሩ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ ከሚያልፈው ሙቀት ወደ ሥራ ሊለወጥ የሚችለው ቢበዛ 3.3 በመቶ ብቻ ነው። በተግባር የሚገኘው ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ አብዛኛው የሙቀት ልዩነት የሚያርፈው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ስስ የአየር ሽፋን ላይ ነውና። እንደ አፋር ባሉ ቆላማ አካባቢዎች የአየሩ ሙቀት ከቆዳው ሙቀት ጋር በሚስተካከልበት ሰዓት ደግሞ ምርቱ ወደ ምንም ይጠጋል።

የአካል እንቅስቃሴ

ሁለተኛው ምንጭ እንቅስቃሴ ነው። ዣክ እና ፒየር ኪዩሪ የተባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 እንዳሳዩት፣ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ በገጻቸው ላይ የኤሌክትሪክ ሙል ይታያል፤ ክስተቱ ፒዞኤሌክትሪክ ይባላል። ቴድ ስታርነር የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ስሌት፣ 68 ኪሎግራም የሚመዝን ሰው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ሲራመድና ተረከዙ በየእርምጃው 5 ሴንቲሜትር ሲወርድ 67 ዋት ያህል ኃይል እንደሚለቀቅ አመልክተዋል። ቁጥሩ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ሆኖም በእያንዳንዱ እርምጃ 5 ሴንቲሜትር የሚሰምጥ ጫማ ማድረግ አሸዋ ላይ የመሄድን ያህል ያደክማል።

በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተሠራውና አረማመድን የማያውከው ጫማ ከተረከዙ ያስገኘው በአማካይ 8.3 ሚሊዋት ነበር። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት 15 ዋት-ሰዓት የሚይዝ የስልክ ባትሪን እንውሰድ። በዚያ ጫማ ብቻ ባትሪውን አንድ ጊዜ ለመሙላት 1,800 ሰዓት ያህል መራመድ ያስፈልጋል፤ በቀን ሁለት ሰዓት ለሚሄድ ሰው ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጃል።

ከዚህ የሚበልጥ ኃይል ያመነጩ መሣሪያዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነው የጀርባ ቦርሳ ሸክሙ በምንጮች ላይ ተንጠልጥሎ ከእርምጃው ጋር ወደ ላይና ወደ ታች እንዲወዛወዝ ተደርጎ እስከ 7.4 ዋት ሰጥቷል፤ ለዚህ ግን ከባድ ሸክም መሸከም ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ከሁለቱ እግሮች 5 ዋት ያህል አስገኝቷል። መሣሪያው የሚሠራው እግር ተወርውሮ ሊያርፍ ሲል፣ ጡንቻዎች ፍሬን ሆነው ፍጥነቱን በሚገቱበት ቅጽበት ስለሆነ የሚጨምረው ድካም አነስተኛ ነው። ይሁንና የመሣሪያው ክብደት ራሱ ተሸካሚውን ያደክማል።

የኃይሉ ዋጋ

ከጡንቻ የሚገኝ ኤሌክትሪክ በነፃ የሚገኝ ይመስላል፤ ምንጩ ግን ምግብ ነው። ጡንቻ ከምግብ ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ነው። በእጅ የሚዞር ጄነሬተር ከዚህ ግማሹን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል ብንል፣ 15 ዋት-ሰዓት ለማግኘት 120 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም 100 ኪሎካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋል። ይህ ከ30 ግራም ደረቅ እህል ጋር ይመጣጠናል። ጠግቦ ለሚያድር ሰው ጥቂት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ውኃና እንጨት ተሸክማ ዳገት ለምትወጣ ሴት ግን በድካም ላይ የተጨመረ ድካም ነው። በአንጻሩ አንዲት ባለ 5 ዋት የፀሐይ ፓኔል በጠራ ፀሐይ በሦስት ሰዓት ገደማ ይህንኑ ያህል ታመነጫለች። ስለዚህ መብራት ላልደረሰው ገጠር የሰውን አካል እንደ ኃይል ማመንጫ ማቅረብ ትክክለኛ መፍትሔ አይሆንም።

ተገቢው ቦታ

የሚያስፈልገው ኃይል እጅግ ጥቂት፣ ባትሪ መለወጥ ደግሞ እጅግ ከባድ ሲሆን ስሌቱ ይለወጣል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ (ፔስሜከር) የሚፈልገው 10 ማይክሮዋት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ከላይ የተጠቀሰው የጫማ ምርት፣ ለስልክ ያን ያህል ኢምንት የሆነው፣ ከዚህ ከ800 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የመሣሪያው ባትሪ አሥር ዓመት ገደማ ሲያገለግል ሕመምተኛው ለመተኪያ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል።

ኃይሉን ከውስጥ ለማግኘት የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። በፈረንሳይ ግረኖብል እ.ኤ.አ. በ2010 በአይጥ አካል ውስጥ ግሉኮስንና ኦክሲጅንን በኢንዛይም እያዋሐደ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሕዋስ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ስስ የፒዞኤሌክትሪክ ሽፋን በላምና በበግ ልብ ላይ በመለጠፍ ከልብ ትርታ ኤሌክትሪክ አግኝተዋል። በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ በርን የራስ-ጠምዛዥ ሰዓት አሠራርን በአሳማ ልብ ላይ በማሰር የልብን ምት መምራት ተችሏል።

ቀሪዎቹ ፈተናዎች ግን ቀላል አይደሉም። በደቂቃ 70 ጊዜ የሚመታ ልብ በቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ፣ በአሥር ዓመት ደግሞ ከ360 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይመታል፤ መሣሪያው ይህን ሁሉ ሳይሰነጠቅ መቋቋም አለበት። የአካል ፈሳሽ ብረትን ይበላል፤ ሰውነትም ባዕድ ነገርን በጠባሳ ይከባል። ከሁሉም በላይ ፔስሜከር ይበልጥ የሚያስፈልገው ልብ ሲደክም ነው፤ ልብ ሲደክም ደግሞ ከልብ የሚመነጨው ኃይልም ይደክማል። ስለሆነም ይህ ምንጭ ባትሪውን ፈጽሞ ከመተካት ይልቅ እየመገበ ዕድሜውን እንዲያራዝም ተደርጎ ቢታቀድ ይሻላል።

ልዩ የልብ ሕክምና በጥቂት ከተሞች ብቻ በሚገኝበት እንደ እኛ ባለ አገር፣ አንድን ቀዶ ሕክምና ለጥቂት ዓመታት ማዘግየት ለሕመምተኛው ከረጅም መንገድና ከከፍተኛ ወጪ እፎይታ ነው። በዚህ መስክ ለመመራመር የሚነሣ ተማሪ እንግዲህ አካል ስንት ዋት እንደሚያመነጭ ከመጠየቁ አስቀድሞ የሚታሰበው መሣሪያ ስንት ዋት እንደሚፈልግና ባትሪውን መለወጥ ማንን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ቢጠይቅ፣ የጥናቱ አቅጣጫ ከመነሻው ይጠራለታል።