ትራክተሩ በብርድ ማለዳ አልነሣ ሲል

ኅዳርና ታኅሣሥ በአቃቂ ቃሊቲና በዙሪያዋ ጤፉና ስንዴው ከማሳ የሚነሣባቸው፣ በአቃቂ ወንዝ ዳርም የአትክልት መስኖ የሚጀመርባቸው ወራት ናቸው። እነዚሁ ወራት ግን ሰማዩ ከደመና ጠርቶ የቀኑ ሙቀት ሌሊቱን የሚያመልጥባቸው፣ ማለዳም ብርዱ የሚጠነክርባቸው ናቸው። ስለዚህም ምርት የሚያጓጉዘው ትራክተርና የውሃ መሳቢያው ሞተር እጅግ በሚፈለጉበት ሰዓት አልነሣ ይላሉ። በዚህን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው አዲስ ባትሪ መግዛት ነው። ሆኖም ገንዘቡ የምእመናን ገንዘብ ነውና፣ ከመውጣቱ በፊት ችግሩ የት እንዳለ መለየት ይገባል።

ብርድ ሞተሩን ስለ ምን ያስቸግረዋል?

የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ አይደለም፤ ፒስተኑ አየሩን አምቆ በሚፈጥረው ከፍተኛ ሙቀት ነው። በብርድ ጊዜ ይህን ሙቀት ቀዝቃዛው የሞተር አካል ይወስደዋል፤ ዘይቱ ወፍሮ ሞተሩ ለመዞር ይከብዳል፤ ባትሪውም የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል። በዚህ ላይ አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። በቆላ ሳያስቸግር የሚነሣ ያረጀ ሞተር በእኛ አካባቢ የሚያስቸግረው ስለዚህ ነው።

ቁልፉ ሲዞር የሚሰማውና የሚታየው

ከሁሉ አስቀድሞ ማርሹ ነጻ መሆኑ ይረጋገጥ። ከዚያም ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ የሚያሳየውን ምልክት በጥሞና እንከታተል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው።

1. ሞተሩ ዝም ካለ ወይም በዝግታ ከዞረ ችግሩ ከኤሌክትሪኩ ወገን ነው። ገመዶቹ ከባትሪው ጋር በሚያያዙበት ቦታ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ፣ ኔጋቲቩን አስቀድሞ ፈትቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥቦና አድርቆ፣ ኔጋቲቩን መጨረሻ አድርጎ አጥብቆ ማሰር ነው። ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል። የደከመ ባትሪ አስቀድሞ ይሞላ፤ መግዛት የሚታሰበው ተሞልቶም ካልያዘ ብቻ ነው። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ዝም ካለ ግን ገመዱና ሞተሪኖው ይመርመሩ።

2. በደንብ ዞሮ ከጭስ ማውጫው ምንም ጭስ ካልወጣ ነዳጁ አልደረሰም ማለት ነው። የሞተሩ ማጥፊያ ተስቦ እንዳልቀረ ይታይ፤ የነዳጅ ፊልትሮው ሥር ያለው መፍቻ ተከፍቶ የተጠራቀመው ውሃ ይፍሰስ፤ ከዚያም በመስመሩ የገባው አየር በእጅ ፓምፑ ይውጣ። «ናፍጣው ረግቶ ነው» የሚል አነጋገር አለ፤ ነገር ግን በአቃቂ ብርድ ይበልጥ የሚያጋጥመው ውሃና ቆሻሻ ነው። የነዳጅ መያዣው ሳይሞላ ካደረ በባዶው ክፍል ያለው እርጥበት ሌሊት ወደ ውሃ ይለወጣልና፣ ማታ ሞልቶ ማሳደር ይመረጣል።

3. በደንብ ዞሮ ነጭ ጭስ እያወጣ ካልተነሣ ነዳጁ ደርሷል፤ የጎደለው ሙቀት ነው። ካንዴሌታ ያለው ሞተር ከሆነ መብራቱ እስኪጠፋ ይጠበቅ፤ መብራቱ ጠፍቶም ካልተነሣ ካንዴሌታዎቹ ይፈተሹ። የአየር ማጣሪያው ይጽዳ። ዘይቱም የሞተሩ መመሪያ የሚፈቅደው መሆኑ ይታይ፤ መመሪያው የሚቀበለው ከሆነ 15ደብልዩ-40 ከወፍራሙ 40 ዘይት ይልቅ በብርድ ይቀላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተነሣ የሞተሩ እመቃ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ መካኒክ የሚጠራው ያን ጊዜ ነው።

በማናቸውም ሁኔታ ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ15 ሴኮንድ በላይ ማዞር አይገባም። በየመካከሉ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ካላረፈ ሞተሪኖው ይቃጠላል፣ ባትሪውም ይሟጠጣል።

ሕይወት የሚያሳጡ አቋራጮች

ሥራው ሲያጣድፍ ከሞተሩ ሥር እሳት ማንደድ፣ ናፍጣ ላይ ቤንዚን መቀላቀል፣ ካንዴሌታ ባለው ሞተር ላይ ኤተር መርጨት እንደ መፍትሔ ይነገራሉ፤ ሦስቱም ቃጠሎ ወይም ፍንዳታ ያስከትላሉ። ከሁሉ የሚከፋው መሬት ቆሞ የሞተሪኖውን ሁለት ጫፎች በብረት አገናኝቶ ማስነሣት ነው። ማርሽ ውስጥ ያለ ትራክተር በዚህ መንገድ ሲነሣ ወዲያው ይንቀሳቀሳል፤ ጎማው ሥር የቆመው ሰው ለማምለጥ ጊዜ አያገኝም። ትራክተር የሚነሣው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ብቻ ነው። ሰበካ ጉባኤው ይህን በቃለ ጉባኤ አጽድቆ ለሹፌሩ በጽሑፍ ቢሰጥ መልካም ነው።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ብርዱ ሳይገባ፣ በጥቅምት ወር፣ ባትሪው ይለካ፣ የዘይቱና የነዳጁ ፊልትሮዎች ይለወጡ፤ ወጪውም በዓመቱ በጀት አስቀድሞ ይያዝ። ቁልፉ በአንድ ኃላፊ እጅ ይሁን፤ ተሽከርካሪው በመጠለያ ይደር። አንድ ደብተር ተዘጋጅቶ ሞተሩ ያስቸገረበት ቀን፣ ያሳየው ምልክትና የተደረገለት ይመዝገብበት። መካኒክ ሲጠራም «አልነሣ አለ» ብቻ ከሚባል «በደንብ ይዞራል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ባትሪው 12.6 ነው» ቢባል ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ሰበካ ጉባኤውም የሚከፍለው ስለ ምን እንደሆነ ያውቃል።