የተመራቂው ገበያ፦ ዕድሜው አንድ ዓመት የሆነ ደንበኛ

የገበያ ወቅት ሲነሳ የነጋዴው ሐሳብ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ አዲስ ዓመት፣ ወደ ገና፣ ወደ ፋሲካና ወደ ኢድ ነው። ከእነዚህ ሌላ ግን በቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ያልተጻፈ አንድ ወቅት አለ። ይኸውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዝግጅት የሚበዛበት፣ ከየካቲት ገደማ ጀምሮ እስከ ምረቃው ቀን የሚዘልቀው ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ቲሸርት አታሚው፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ጋዋን ሰፊው፣ የድምፅ መሣሪያ አከራዩ፣ ፎቶግራፍ አንሺው፣ ኬክ ጋጋሪውና አበባ ሻጩ ፊታቸውን ወደ ግቢ ያዞራሉ።

ገበያው በስፋቱ የሚናቅ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በአገሪቱ በዩኒቨርሲቲነት የሚታወቁት የአዲስ አበባና የዓለማያ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 ይበልጣሉ። የግል ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲታከሉበት፣ በየዓመቱ ለስንብት የሚለብሰው፣ የሚያሳትመውና የሚነሳው ተማሪ ብዛት ለአንድ የንግድ ዘርፍ የሚበቃ ነው።

ገዢው ማን ነው?

ይሁንና ይህ ገበያ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የገዢው ዕድሜ አንድ ዓመት ብቻ ነው። የተመራቂ ተማሪዎች ኮሚቴ፣ በተማሪው አጠራር የጂሲ ኮሚቴ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ይመረጥና ምረቃው ሲያልቅ ይበተናል። በሚከተለው ዓመት የሚመጣው ሌላ ሰው፣ ሌላ ፊርማ፣ ሌላ ስልክ ቁጥር ነው። ነጋዴው ከዓመት ዓመት ደንበኛዬ ብሎ የሚያምነው ሰው አያገኝም። ኮሚቴውም በበኩሉ ባለፈው ዓመት ማን አሳምሮ ሠራ፣ ማን አበላሸ ብሎ የሚያገላብጠው መዝገብ የለውም።

በዚህም ምክንያት ሁለቱ ወገኖች ይፈራራሉ። ነጋዴው የማያውቀውን ገዢ ስለሚፈራ ከፍ ያለ ቀብድ ይጠይቃል፤ ለሥጋቱም በዋጋው ላይ ይጨምራል። ኮሚቴው ደግሞ የማያውቀውን ሻጭ ስለሚፈራ ውሳኔውን ያዘገያል፤ ዘግይቶ ሲመጣም የአስቸኳይ ዋጋ ይከፍላል። በግቢ ዝግጅቶች ላይ የሚታየው ውድነትና ብልሽት አብዛኛው ምንጩ ይኸው ነው።

ምን፣ መቼ ይገዛል?

ዓመቱ የሚከፈተው አዲስ ገቢ ተማሪዎችን በመቀበያ ዝግጅት ነው። ይህ ቡና፣ ፈንዲሻና ለስላሳ የሚበቃው፣ አነስተኛ ወጪ ያለው ነው። በመካከሉ የባህል ቀን፣ በትምህርት ክፍሎች መካከል የሚካሄድ የእግር ኳስ ውድድርና ለምረቃ መቶ ቀን ሲቀር የሚደረገው በዓል ይመጣሉ። ዋናው ግዢ ያለው ግን በመጨረሻዎቹ ወራት ነው። ተመራቂው በአለባበስ የሚቀልድበት ክሬዚ ዴይ፣ ቀለም የሚረጭበት ከለር ዴይ፣ የስንብት እራት፣ የምረቃ መጽሔትና ጋዋን ተከታትለው ይደርሳሉ።

ከእነዚህ ውስጥ ቲሸርት ቀላሉ ይመስላል። ችግሩ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። ልኩ በስም ተለይቶ ያልተጻፈ ትእዛዝ በርክክቡ ቀን ለትልቁ ሰው ትንሹን፣ ለትንሹ ትልቁን ያደርሳል። የትምህርት ክፍል ስምና ዓመተ ምሕረት የታተመበት ልብስ ደግሞ ለሌላ ገዢ አይሸጥም።

መጽሔቱ ከሁሉም ይከብዳል። የእያንዳንዱ ተመራቂ ፎቶግራፍና የስንብት ቃል ሳይሟላ ገጹ አይዘጋም፤ ገጹ ካልተዘጋም ማተሚያ ቤቱ ፕሌት አያወጣም። ከ200 ተማሪዎች አምስቱ ቢዘገዩ የቀሩት 195 አብረው ይጠብቃሉ። ፕሌት ከወጣ በኋላ የተገኘ የስም ስህተት ደግሞ የሚታረመው በተጨማሪ ገንዘብ ነው።

የድምፅ መሣሪያ፣ ድንኳንና ወንበር የሚያከራየው ነጋዴ ስሌት ከእነዚህ ይለያል። እሱ የሚሸጠው ቀን ነው፤ ያልተከራየ ቅዳሜ ተመልሶ አይሸጥም። ብዙ ግቢዎች በተቀራረቡ ቅዳሜና እሑዶች ስለሚያስመርቁ ግን በእነዚያ ቀናት አንዱን መሣሪያ ሦስት ኮሚቴ ይሻማበታል። ቀኑን አስቀድሞ ያስመዘገበ ኮሚቴ በዋጋም በጥራትም ይጠቀማል።

ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ግቢዎች የመንገዱም ቀን ይታሰባል። ከመርካቶ ተጭኖ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ጅማ የሄደ ዕቃ ስህተት ቢገኝበት በማግስቱ ተለውጦ አይደርስም። የክልል ኮሚቴ ለእርማት የሚሆን ጊዜ ይዞ መረከብ ይኖርበታል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የዝግጅቱ ዋና ገቢ የተማሪው መዋጮ ነው። ለምሳሌ ያህል 300 ተመራቂዎች ያሉት የትምህርት ክፍል ለእያንዳንዱ 2,500 ብር ቢመድብ ጠቅላላ በጀቱ 750,000 ብር ይሆናል። ትእዛዝ በሚሰጥበት ቀን የከፈሉት 180 ቢሆኑ በእጅ ያለው 450,000 ብር ነው። ኮሚቴው ለ300 ሰው አዝዞ ግማሹን ቀብድ ሲከፍል 375,000 ብር ይወጣና 75,000 ብር ይቀረዋል። ከቀሩት 120 ተማሪዎች 30ዎቹ ሳይከፍሉ ቢቀሩ በርክክቡ ቀን የሚገኘው 300,000 ብር ሲሆን፣ የሚፈለገው 375,000 ነው። የጎደለው 75,000 ብር ለከፈሉት 270 ተማሪዎች ቢከፋፈል በነፍስ ወከፍ 278 ብር ገደማ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት ግን ያንን ለመክፈል ፈቃደኛ የሚሆን ተማሪ ማግኘት ያዳግታል። ዕቃው በነጋዴው መጋዘን ይቀመጣል፤ ጭቅጭቁም ይጀመራል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። በነፍስ ወከፍ የሚታዘዘው ዕቃ በስም ዝርዝሩ ሳይሆን በከፋዩ ቁጥር መታዘዝ አለበት። ሰው በዛም አነሰም የማይለወጠው ወጪ፣ ማለትም የድምፅ መሣሪያ፣ የድንኳንና የአዳራሽ ኪራይ፣ አስቀድሞ በተሰበሰበው ገንዘብ መሸፈን ይኖርበታል። ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ መዋጮን በስልክ መክፈል ስለተቻለ ማን መቼ ከፈለ የሚለውን ማወቅ ቀሏል። ያም ሆኖ ገንዘቡ የሚገባው በአንድ ተማሪ የግል ቁጥር ከሆነ፣ መዝገቡም ገንዘቡም በአንድ ሰው እጅ መሆኑ አይቀርም። በሦስት ሰዎች ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ለኮሚቴውም ለነጋዴውም ይሻላል።

በቅርብ ዓመታት ሌላ ሥጋት ተጨምሯል። የመውጫ ፈተና በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሲሰጥ በአገር አቀፍ ደረጃ ካለፉት ይልቅ ያላለፉት በዝተው ታይተዋል። ከዚያ በፊት ኮርሱን የጨረሰ ሁሉ በጋዋን ዝርዝር ውስጥ ይገባ ነበር። አሁን ግን የተመራቂው ቁጥር የሚታወቀው ብዙው ዕቃ ከታዘዘ በኋላ ነው። ጋዋንን አሰፍቶ ከመሸጥ ማከራየት የሚያዋጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የስፖንሰር ነገር

ብዙ ኮሚቴዎች የበጀታቸውን ቀዳዳ በስፖንሰር ለመድፈን ያስባሉ። በዚህ ረገድ ሜዳው ተለዋውጧል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ከግቢው ተማሪ ብዙው ከዚህ ዕድሜ በታች በመሆኑ የቢራ ፋብሪካን ተስፋ አድርጎ በጀት ማውጣት ከንቱ ድካም ነው። በአንጻሩ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ባንኮችና የቴሌኮም ድርጅቶች ወጣቱን ደንበኛ ገና በጠዋቱ ለመያዝ የሚሹበት ምክንያት በርትቷል።

ሆኖም ስፖንሰር በአብዛኛው በዓይነት መስጠት ይቀለዋል። አርማው ያለበት ቲሸርት፣ የታሸገ ውኃ ወይም ባነር ያቀርባል። ይህ ጥቅም ቢኖረውም የማተሚያ ቤት ዕዳ አይከፍልም። በቃል የተገባ ድጋፍ ደብዳቤ እስኪጻፍበት ድረስ በገቢ ዓምድ መግባት የለበትም።

የቀብድ ሕግ

ቀብድ በልማድ የሚታየው እንደ ቅድሚያ ክፍያ ብቻ ነው። ሕጉ ግን ከዚህ በላይ ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 እንደደነገገው፣ ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። በመሆኑም የተሻለ ዋጋ ያለው ሌላ ሥራ ስለመጣለት የኮሚቴውን ቀን ለሌላ የሚሰጥ አከራይ ከተቀበለው ሁለት እጅ ሊጠየቅ ይችላል።

ነገር ግን ውሉን የፈረመው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ኮሚቴው በሕግ የሰውነት መብት ያለው ድርጅት ባለመሆኑ የፈረመው ተማሪ በግሉ ሊጠየቅ ይችላል። ነጋዴው ደግሞ ከምረቃው በኋላ ወዳገሩ የተመለሰን ወጣት ፍለጋ ይገባል። የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ወይም የተማሪዎች ኅብረት በምስክርነት ማኅተም ያሳረፈበት ውል ይህን ክፍተት ያጠባል።

ዋጋውም ቀን ሊቆረጥለት ይገባል። የውጭ ምንዛሬ ተመን በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ወረቀት፣ ቀለምና ጨርቅ ከውጭ የሚያስመጣ ገበያ ይህን ሊቋቋም አይችልም። መዋጮው በጥቅምት ተወስኖ ትእዛዙ በሚያዝያ የሚሰጥ ከሆነ በመካከል ያለው የዋጋ ጭማሪ የኮሚቴው ዕዳ ይሆናል። ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና መጻፍና የሚቀመጥ ዕቃን ቀድሞ መግዛት የሚበጀው ለዚህ ነው።

ዝግጅቱ ቢቀርስ?

የግቢ ዝግጅት ሳይታሰብ ሊቋረጥ እንደሚችል ታሪክ ይመሰክራል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በስድስት ኪሎ ግቢ የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት የተማሪዎችን ተቃውሞ ቀስቅሶ ነገሩ እስከ ዩኒቨርሲቲው መዘጋት ደርሷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪው ወደየቤቱ ተሸኝቷል። ሁለቱም የደረሱት የምረቃ ትእዛዝ በሚጀመርበት ወር ነው። ሕጉ ከዐቅም በላይ ለሆነ ኃይል ቦታ ቢሰጥም፣ ቀኑ ሲተላለፍ ቀብዱ ለሚቀጥለው ቀን ይቆያል ወይስ ይመለሳል የሚለውን ተዋዋዮቹ በአንድ መስመር ቢጽፉት ከፍርድ ቤት ደጅ ይድናሉ።

ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው ግን የጎደለውን መዝገብ መያዝ ነው። ተሰናባቹ ኮሚቴ ውሎቹን፣ ደረሰኞቹንና የአቅራቢዎቹን ስም በአንድ ፋይል ለተማሪዎች ኅብረት ቢያስረክብ ቀጣዩ ከዜሮ አይጀምርም። ነጋዴውም ከዚህ ትርፍ አለው። የአንዱን የትምህርት ክፍል የሦስት ዓመት ቁጥር፣ ልክና የክፍያ ጠባይ የያዘ አቅራቢ ለአራተኛው ኮሚቴ አነስተኛ ቀብድ ጠይቆ፣ ቲሸርቱን፣ መጽሔቱንና ጋዋኑን በአንድ ውል መያዝ ይችላል። ኮሚቴው በየዓመቱ ቢበተንም ግቢው ከቦታው አይነሳም። አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንዲሉ፣ በዚህ ገበያ የሚያተርፈው በሰኔ ግርግር የሚሮጠው ሳይሆን በኅዳር ቁጥሩን ቆጥሮ የተዋዋለው ነው።