አፍንጫዬን ሁኚልኝ

እናቴ ሽታ እንደጠፋባት ያወቅነው በወጥ ነው። ባለፈው ዓመት ኃይለኛ ጉንፋን ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ አዋላት፤ ስትነሣ ዳነች ብለን ተደሰትን። አንድ እሑድ ኮልፌ ቤቷ ስደርስ ግን ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ ድስቱ ከሥሩ አርሯል፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ቡና ትወቅጣለች። "እማዬ፣ አይሸትሽም?" ስላት ቀና ብላ አየችኝ። "ምኑ?"

እናቴ ከአርባ ዓመት በላይ የሰፈሩን የሙሽራና የአራስ ቤት መዓዛ ስታሰናዳ የኖረች ሴት ናት። እጣን ትወቅጣለች፣ ሰንደል ትከተክታለች፣ ከርቤ ታክልበታለች፤ በቀለጠ ስኳር አዋህዳ የሽቶ ዘይት ጠብ ታደርግና በብልቃጥ ትከድናለች። ልኩ የት ተጽፏል? የትም። አፍንጫዋ ላይ ነበር።

ሽቶ ለቤታችን አዲስ አይደለም። አያቴ ሊሙ ውስጥ ጥርኝ ያረቡ ነበር። ጥርኝ ድመት መሳይ የዱር እንስሳ ነው፤ ከጅራቱ ሥር ካለው እጢ የሚወጣው ቅባት ዝባድ ይባላል። በየዘጠኝ ወይም በየአሥር ቀኑ ገደማ እየተፋቀ፣ በበሬ ቀንድ ተጠቅጥቆ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ከዚያ እስከ ፈረንሳይ ሽቶ ቤቶች ይጓዛል። ብቻውን ሲሸተት አፍንጫ ያስይዛል፤ ጥቂት ጠብታው ግን ሌላውን መዓዛ ቶሎ እንዳይጠፋ ይዞ ያቆያል። እናቴ የምታስታውሰው ሌላ ነው፦ "ሥጋ ሲገዛ መጀመሪያ ለጥርኞቹ ነበር፤ እኛ ቀጥለን።"

ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባድን ዋና ሽታ ሰጪ ንጥረ ነገር አወቃቀር ለየ፤ ይህን ጨምሮ ለሠራቸው ሥራዎች በ1939 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሰው ሠራሹ እየተስፋፋ ሄዶ ሻኔል በ1998 የተፈጥሮውን ዝባድ መተውን አሳወቀ። እኔ አላዘንኩም፤ ዕድሜ ልኩን በጠባብ የእንጨት ቤት የሚታሰር እንስሳ ያሳዝነኛል። እናቴ ፊት ግን ይህን አልናገርም።

እጣኑም ቢሆን አያስተማምንም። በ2019 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት የእጣን ምርት በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ ዛፉ ከመጠን በላይ ይቆሰላል፣ ችግኙን ከብትና እሳት ይጨርሰዋል።

የኛን ቤት ነገር የያዘው የ23 ዓመቱ ልጄ ነው። መጀመሪያ የመጣው በሽቶ ብልቃጥ ሐሳብ ነበር፤ በአልኮል በጥብጦ የሚረጭ ሊሠራ። "ሰግጄበት ልቆምበት ነው?" አለችው አያቱ፣ ነገሩ አበቃ። አሁን አደስ በዘይት ዘፍዝፎ እየሞከረ ነው፤ ገና አልሆነለትም።

ሐምሌ ላይ ግን የወርቅ ሚዛን ተውሶ መጣ። "እማማ፣ እንደ ድሮሽ አድርጊ፣ እኔ እመዝናለሁ።" እጣኑን በጭብጧ እየዘገነች ሰጠችው። አንዱ 41 ግራም፣ አንዱ 38፣ አንዱ 52። ልጄ ተስፋ ቆረጠ፤ እጇ ከዳት ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ሰምታዋለች።

"አንተ ልጅ፣ 52ቱ ለክረምት ነው። ስኳሩ እርጥበት ይስባል፤ እጣን ካልበዛበት ይላቆጥና ፍሙን ያጠፋዋል።"

እኔም ከዚህ ቤት አድጌ ይህን አላውቅም ነበር።

ሦስቱንም ሠራንና ፍም ላይ ጣልናቸው። እናቴ ማጨሻው ላይ ጎንበስ አለች፣ ቆየች፣ ቀና አለች። ምንም አልሸተታትም። ከዚያ ሃያ ዓመት ከእጇ የገዙትን ጎረቤቷን አስጠራች። "ነይ፣ አፍንጫዬን ሁኚልኝ" አለቻቸው።

ጎረቤታችን ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። የመጀመሪያውን አሽትተው ዝም። ሁለተኛውን "ይሄ የሱቅ ነው" አሉ። ሦስተኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ይሄማ ልጄን የዳርኩበት ነው።"

እናቴ እነሱን ሳይሆን ልጄን ነበር የምታየው። "ምን ትጠብቃለህ? ጻፈው እንጂ!"